ከፈረሱ ኮቴ በታች

ቅዳሜ ጠዋት ያኔት ፊቷን ታጥባ ስትገባ፣ አባቷ ዓባይነህ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሰውየው ፊቱ የቆመ ይመስል አንገቱን ዝቅ እያደረገ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ኦቦ ቀጄላ። ደግ አድርጋችኋል። ከኔ የተሻለ ከተገኘማ እሰየው ነው» ሲል ሰማችው። ሥራ የነፈገውን ሰው እንዲህ የሚያመሰግን ሌላ ሰው ሰበታ ውስጥ ይኑር አይኑር እንጃ። ኦቦ ቀጄላ ሱሉልታ ለሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ክረምት ሳይገባ እዚሁ ቤት መጥተው፣ እዚያ ስፕሪንጉ ያለቀ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ሽሮ በልተው፣ «ሥዕሉ የእርስዎ ነው፣ ያስቡበት» ብለው ሄደዋል። ዓባይነህም አሰበበት። ሌላ ሥራ ሲመጣ እየመለሰ፣ ክረምቱን ሙሉ ወረቀት ላይ መላእክት ሲነድፍ ከረመ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ግድግዳ እዚህ፣ አንድ ሸራ እዚያ ሲሥል ኖረ እንጂ፣ አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደሱ እስከ በሩ በራሱ እጅ ሥሎ አያውቅም። ጉልበቱ ሳይከዳው፣ መሰላል መውጣት ሳያቅተው፣ ይህችን ምኞት መፈጸም ነበር የቀረው። እሷኑ ነው አሁን በምስጋና አሳልፎ የሰጠው።

ስልኩን እንደዘጋ ቴሌግራሙ ጮኸ። ኦቦ ቀጄላ ቅር እንዳይለው ብለው፣ ኮሚቴው የመረጠውን ሠዓሊ ሥራ ልከውለታል። ዓባይነህ መነጽሩን ፈልጎ አደረገና ሥዕሉን ዘለግ ላለ ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ የታየው ንዴት ቢሆን ኖሮ ያኔት በገባት፤ ግን ንዴት አልነበረም። «እጁ ጥሩ ነው» አለና ስልኩን አቀብሏት፣ ትናንት ጋዝ ውስጥ የዘፈዘፋቸውን ብሩሾች ሊያጥብ ወደ ጓሮ ወጣ። ያኔትም አየችው። በነጭ ፈረስ ላይ ያለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ያ አባቷ ሥሎት ቡራዩ ቤተ ክርስቲያን ያለው። ይህ ሸራ በዚሁ ሳሎን ወለል ላይ ተዘርግቶ በነበረ ጊዜ እሷ፣ አባቷና ተማሪው ወንዲ ወራቱን ሙሉ ማድ ቤት ውስጥ ነበር የሚበሉት። የፈረሱ አንድ ጆሮ ወደ ኋላ የዞረው የጎረቤታቸው የጋሪ ፈረስ እንደዚያ ስለሚያደርግ ነው። ከሥዕሉ በላይ ግን በወርቃማ ፊደል የተጻፈው የወንዲ ስም ነበር። ወንዲ እዚሁ ቤት በልቶ፣ ቀለም መበጥበጥ እዚሁ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ልከፍት ነው ብሎ የሄደ ልጅ ነው። የሄደ ዕለት ዓባይነህ ከራሱ ብሩሾች ደህና ደህናዎቹን መርጦ ሸኝቶታል።

ያኔት ደሟ ፈላ። ጓሮ ተከትላው ወጥታ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቀችው። ምን ብዬ ልናገር፣ ሰውየው አክብሮ ቢደውልልኝ መልሼ ደውዬ ልጨቃጨቀው ወይ፣ አላት ብሩሹን በሳሙና እያሸ። በዚህ ቤት ዝምታ እንግዳ አይደለም፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ብዙውን ነገር በዝምታ ነው የሚጨርሱት፣ ምሳውንም ጠቡንም። ዛሬ ግን ያኔት ዝም ብላ የምትቀር አልሆነችም። ቤት ገብታ ራሷ ኦቦ ቀጄላ ዘንድ ደውላ ሥዕሉ የአባቷ መሆኑን ነገረቻቸው። ሰውየው አልተቆጡም። ልጄ፣ አሏት፣ ሠዓሊው ሁሉ የእኔ ነው ይላል፤ ልጁ ሥራውን ስልክ ላይ ደርድሮ አሳይቶናል፣ የአባትሽ ግን የትም የለም፤ ኮሚቴው ዛሬ ዐሥር ሰዓት ተሰብስቦ ይፈርማል። «የምታሳዩን ካለ ከዚያ በፊት አሳዩን» አሉና «ነጋቲ» ብለው ተሰናብተዋት ዘጉት።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው፣ ያኔት እንጀራዋ ድረ ገጽ መሥራት መሆኑ ነው። ዓለም ገና ላይ ላለ ሆቴል ሠርታለች፣ ለጥርስ ክሊኒክ ሠርታለች፣ ለአልጋና ቁም ሳጥን ነጋዴ ሳይቀር ሠርታለች። የአባቷ ነገር ሲነሣ ግን እሱ «የሚጸለይበት ሥዕል ነው፣ የኔ ስም ምን ያደርግለታል» ይላል፣ እሷም የሚከፍለው ደንበኛ እስኪያልቅ እያለች ታሳድረዋለች። አሁን ላፕቶፗን የመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ተቀመጠች። ሰበታ ያሉትን ሥራዎች ለፋሲካ ፎቶ አንስታቸው ስለነበር ከእነሱ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው፣ ራሷም ታውቀዋለች። ጀርባውን ጥቁር አደረገችው፤ ሥዕሎቹ አንዱ ሲሄድ ሌላው በዝግታ እየተንሸራተተ እንዲመጣ አደረገች። አንድ ነገር ብቻ ዓይኗን ቆረቆራት። በልማዱ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከግርጌው ተንበርክኮ ይሣላል፣ የክርስትና ስሙም ይጻፋል። ከመላእክቱ ክንፍ ሥር ሙሉ ልብስ የለበሰ ነጋዴ፣ የእጅ ሰዓት ያሰረች ሴትዮ፣ ጫማውን ያወለቀ ልብስ ሰፊ ተደርድረው ሲታዩ ውበቱን የሚያበላሹ መሰላት። ከሁሉም ሥዕሎች ታችኛውን ክፍል ቆረጠችው። አማረላት። የቀረው ዋናው፣ የቡራዩው ጊዮርጊስ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከወንዲ ገጽ ላይ ልትወስደው አትችልም። ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ለአባቷ ቡራዩ ደርሼ እመጣለሁ ብላ ወጣች።

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፤ ሚኒባሱ በየፌርማታው ሰው እየጨመረ፣ ረዳቱ ታሪፍ ተጨምሯል አልተጨመረም እያለ ከተሳፋሪው ጋር ሲነታረክ፣ አንዲት ሴትዮም የሽንኩርት ዋጋ እያነሣች መንግሥተ ሰማያት እንኳ በዚህ ዋጋ አይገባም እያለች ሁሉንም ስታስቅ ሄዱ። ያኔትም ሳቀች። እየሄደች ያለችው ልታሸንፍ እንደሆነ ምንም አልተጠራጠረችም። ቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ግን ጸሐፊው ፎቶ አይቻልም አላት። የሚመጣው ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣና በኋላ ሥዕላችንን የት እንደምናየው አይታወቅም፣ ሥዕሉን ያሠሩት ሴትዮ ካልፈቀዱ አይሆንም ብሎ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወረድ ብሎ ወዳለው የወይዘሮ ድንቅቱ የከብት መኖ ሱቅ ላካት። ያኔት ልትከራከረው አስባ ነበር፤ ነገር ግን ጸሐፊው ያለው ልክ ነበር።

ወይዘሮ ድንቅቱ በፉርሽካና በፋጉሎ ጆንያ መካከል፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በአንድ ጆሯቸው ስልክ በሌላው ገበሬ እያነጋገሩ ነበር የተቀመጡት። ያኔት «አካም ጂርቱ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ማን እንደሆነች ስትነግራቸው «ነጋ፣ ነጋ ኢንተለ ኮ» ብለው፣ ልጄ እያሉ ስመው አጠገባቸው አስቀመጧት። የሠዓሊው ልጅ ይህን ያህል አድገሻል ወይ፣ አባትሽስ ጉልበቱ እንዴት ነው፣ አሁንም ሻይ ሲጠጣ ብሩሹን ብርጭቆው ውስጥ ይነክራል ወይ፣ ብለው ጠየቁ። ያኔት የመጣችበትን ነገር ነገረቻቸው፤ የወንዲንም ነገር። ሴትዮዋ ወንዲን ያስታውሱታል። ከዚያ ያኔት በኩራት ስልኳን ከፍታ የሠራችውን ገጽ ልታሳያቸው ሞከረች። ኔትወርኩ ደካማ ነበርና ክቧ ምልክት ስትዞር፣ ስትዞር ወይዘሮ ድንቅቱ አንድ ሙሉ ጆንያ ሸጠው፣ ስለ ፋጉሎ መወደድ ከገዢው ጋር አውርተው ጨረሱ። በመጨረሻ ተከፈተ። ሴትዮዋ በጣታቸው እየገፉ አዩት፣ መልሰውም አዩት።

«ያምራል» አሉ። «ሰዉ የት ሄደ?»

ያኔት አልገባትም። ወይዘሮ ድንቅቱ የሰበታውን ሚካኤል አሳዩዋት። እዚህ ሥር ልብስ ሰፊው ዘርሁን ከነሚስቱ ነበር፣ ስንቴ እዚያ ሄጄ አስቀድሻለሁ፣ አውቃቸዋለሁ፣ አሉ። ያኔት ዓይን በዋናው ሥዕል ላይ እንዲያርፍ ብላ እንደቆረጠችው፣ እንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ ነገር ሲበዛ ጥሩ እንዳልሆነ አስረዳች። ደህና አድርጋ ነበር ያስረዳችው፤ ለሆቴሉ ባለቤት እንዲያ ስታስረዳ ሁልጊዜ ይስማማል። ወይዘሮ ድንቅቱ ግን ቁልፋቸውን አንስተው፣ ሱቁን ዘግተው፣ «ነይ እንሂድ» አሏት።

ጫማቸውን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አውልቀው ገቡ። ውስጡ ቀዝቀዝ ያለና ፀጥ ያለ ነበር፤ ቅዳሴ ከተፈጸመ ቆይቷል። ጊዮርጊስ በግድግዳው ሙሉ ቆሟል፤ ፈረሱ ነጭ፣ ልጓሙ ላይ ያሉት ቀያይ ጌጦች አንድ ባንድ የሚቆጠሩ፣ ጆሮው እንደ ጎረቤታቸው የጋሪ ፈረስ የዞረ። ያኔት ሸራው ከቤታቸው ወለል ላይ ተጠቅልሎ ከወጣ ወዲህ አይታው አታውቅም ነበር። ከፈረሱ ኮቴ በታች፣ በስተቀኝ፣ ወይዘሮ ድንቅቱ ተንበርክከዋል። አጠገባቸው አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ የያዘ፣ ሳቅ አፉ ላይ የቀረ ሰውዬ አለ።

«ቢቂላ ነው፣ ባለቤቴ» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሥዕሉን አብረን ነው ያሠራነው፣ ሳያልቅ ሞተ። አባትሽ ለቅሶው ላይ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ከቢቂላ ወንድሞች ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ሰውየው እዝን ላይ ምን ያፈጣል ብዬ ተቀይሜው ነበር። ለካ ከአንዱ አፍንጫ፣ ከሌላው ግንባር እየለቀመ ነው። ቤት የመታወቂያ ፎቶ አለኝ፣ እሱ ላይ የተቆጣ ነው የሚመስለው። ቢቂላን ማየት ስፈልግ የምመጣው እዚህ ነው።»

ያኔት አፈረች። ስልኳን አውጥታ ወንዲ የለጠፈውን ሥዕል ከግድግዳው ጋር አስተያየችው። የእሱ ከፈረሱ ኮቴ ላይ ያበቃል። እሷም ጠዋት፣ ይህን ሥዕል ብታገኘው ኖሮ፣ ልክ እዚያው ላይ ነበር የምትቆርጠው። ወንዲ የቆረጠው አስቦበት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከታዩ ማን እንደሣላቸው ይናገራሉና። እሷ ደግሞ ላሳምር ብላ የአባቷን ምስክሮች በገዛ እጇ እያወጣች ስትጥል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷ ሥራ ምን እንደሆነ የገባት መሰላት። በዚያ ላይ ደስ አላት፤ ምክንያቱም አሁን ምን እንደምትሠራ ታውቃለች። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ደጋግማ አነሣችው፣ ቢቂላንም ለብቻ ቀርባ አነሣችው። ከዚያ ውጭ ዋርካው ሥር ተቀምጠው የወይዘሮ ድንቅቱን ድምፅ በስልኳ እንድትቀዳ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ሬዲዮ ላይ እንደቀረበ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ወይዘሮ ድንቅቱ» እያሉ ሲደነቃቀፉ ነበር፤ በኦሮምኛ ያውሩት ስትላቸው ግን የለቅሶውንም፣ የድንኳኑንም፣ የቢቂላንም ሳቅ እንደ ውኃ አፈሰሱት። ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም ቢሏት በግድ ለምና ተነሣች። በሚኒባሱ መስኮት በኩል ዳቦ በፌስታል ወረወሩላት።

ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ሱሉልታ ስትሄድ፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከስልኳ ዳታ እየሳበች፣ ጠዋት የሠራችውን ሙሉ በሙሉ አፈረሰችው። ጥቁሩ ጀርባ ሄደ፣ መንሸራተቱም ሄደ። አጠገቧ የተቀመጠው ጎልማሳ ጨርቅ ነጋዴ የምትሠራውን እያየ ያ የፊተኛው ይሻል ነበር አላት፤ እሷም አይሻልም አለችው። ነጭ ገጽ አደረገችው፤ አንድ ሥዕል ሙሉውን፣ ከነግርጌው፣ ከነሰዎቹ። ከሥሩ የሚነካ ክብ ምልክት፣ ሲነካ ያሠራው ሰው ድምፅ የሚሰማበት። ከዚያ ከተማው፣ ከዚያ የአባቷ ስምና ስልክ። ፎቶዎቹን በደካማ ኔትወርክ ቶሎ እንዲከፈቱ አሳነሰቻቸው፤ ያቺን የምትዞር ምልክት ኮሚቴው ፊት ማየት አትፈልግም። የሰበታው ልብስ ሰፊ ዘርሁን ስትደውልለት ገና ነገሩን ሳትጨርስ ገባው፤ ሚስቱን ጠርቶ፣ ከኋላ የስፌት መኪና እየተንኳኳ፣ ሚካኤልን ማን እንደሣለው ሁለቱም ተራ በተራ ተናግረው ላኩላት። ሱሉልታ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ በመስኮቱ ገባ፣ ላሞቹም በሜዳው ላይ ታዩ። ሥራዋ አልቆ ነበር። ላፕቶፗን ዘግታ የወይዘሮ ድንቅቱን ዳቦ በላች።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ገና ጣሪያው ያልተገጠመለት ሕንፃ አጠገብ ባለ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። ኦቦ ቀጄላ፣ አንድ ቄስ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ እና ዱላቸውን በሁለት እግራቸው መካከል ያቆሙት ሽማግሌ ኦቦ ኦዳ ተቀምጠዋል። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ያኔት እጅ ነሥታ፣ ብዙ ንግግር ሳታበዛ፣ ሊንኩን ለኦቦ ቀጄላ ላከችላቸው። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ሰውየው አዩትና የራሳቸውን ስልክ ከባንክ ሠራተኛዋ ስልክ ጎን አስቀመጡት፤ በአንዱ የወንዲ ጊዮርጊስ፣ በሌላው የዓባይነህ። አንደኛው ከኮቴው ላይ ያበቃል፤ ሌላው ወደ ታች ይቀጥላል። ክቡን ምልክት ነኩት። የወይዘሮ ድንቅቱ ድምፅ በኦሮምኛ የቆርቆሮውን ክፍል ሞላው፤ ለቅሶው፣ ድንኳኑ፣ ከወንድሞቹ ፊት የተለቀመው ፊት። ድምፁ ሲያልቅ ኦቦ ኦዳ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉና ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

«ኩን ቢቂላ ሚቲ?» አሉ። ከዚያ ለያኔት በአማርኛ ደገሙላት። «ቢቂላ አይደለም ወይ ይሄ? ከዚህ ወይፈን እየገዛ ቡራዩ የሚወስድ የነበረው። ዋጋ ስታስወድድበት እንዲህ ነበር የሚስቅብህ።»

ቄሱ ውሉን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ኦቦ ቀጄላ ለዓባይነህ ደወሉና ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት። ሰላምታው ረዘም ያለ ነበር፤ የጤና፣ የከብት፣ የዝናብ ነገር ሁሉ ተጠየቀ። ከዚያ ሰውየው «ጋሽ ዓባይነህ፣ ጠዋት የላክሁልዎት የእርስዎ ሥራ መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?» አሉ።

ከስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝምታ መጣ፤ ያኔት የምታውቀው ያው የቤታቸው ዝምታ።

«ሲያደንቁት ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነው» አለ አባቷ።

ባንክ የምትሠራዋ ሴት ሳቀች፤ ኦቦ ኦዳም ሳቁ፤ ያኔት ግን እንባዋ መጣ፣ አልደበቀችውም። ኦቦ ቀጄላ ሰኞ መጥተው ግድግዳውን ይለኩ አሉ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ኦቦ ኦዳ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ እኛስ ከሥር እንገባለን ወይ ብለው ጠየቁ፤ ዓባይነህም ባርኔጣ ካላቸው ይዘው እንዲቀመጡ ነገራቸው።

ያኔት ሰበታ ስትደርስ መብራት በየቤቱ መታየት ጀምሯል። አባቷ ሶፋው ላይ ነው፤ የሚለካበት ሜትር ከሳጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ሰኞ ነገ ይመስል። መነጽሩን አድርጎ ገጹን ስልኩ ላይ እያየ የወይዘሮ ድንቅቱን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ያምራል ብሎ እስኪናገር ቆማ ጠበቀችው።

«ወንዲስ?» አላት።

«ወንዲ ምን?»

«ልጓሙን እኮ የሠራው እሱ ነው።»

ያኔት ያላለችው ነገር የለም። እንጀራችንን በልቶ፣ ብሩሽህን ይዞ ሄዶ፣ ስምህን ሊበላ የነበረ ሰው ነው አለችው፤ ከኦቦ ቀጄላ ጋር ጠዋት እንደሆንከው ልትሆን ነው ወይ አለችው። አባቷ እስክትጨርስ ጠብቆ፣ በተለመደው ቀዝቃዛ ድምፁ፣ «ሰው ተቆርጦ ወጣ ብለሽ አይደል ቀኑን ሙሉ የሮጥሽው?» አላት። ተናዳ ተቀመጠች፣ ተናዳ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ከአባቷ ስም ሥር በደቃቅ ፊደል «የፈረሱን ልጓም የሠራው ተማሪው ወንዲ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ የአባቷን ያህል ደግ አይደለችምና፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሊንኩን ለወንዲ ላከችለት። መታየቱን የሚያሳየው ምልክት ቶሎ መጣ።

«አየው?» አለ አባቷ።

«አይቶታል።»

«ምን አለ?»

«ምንም።»

ዓባይነህ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ፈረሱን በጣቶቹ አጉልቶ፣ ቀያዮቹን ጌጦች አንድ ባንድ አያቸው።

«አሳምሮ ነው የሠራው» አለ።